ስለማያመው ጆሮ፦ ለጤና ሚኒስቴርና ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ እንዲሁም ዛሬ ተመላላሽ ክፍል ለተመደባችሁ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ማንንም ልከስ አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ልመናው አጭር ነው፤ ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። ጆሮው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መግል ሲያወጣ የቆየ ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ፣ ጠብታ ከመጻፋችሁ በፊት ጆሮውን አድርቃችሁ ውስጡን እዩት። ማየት ካልቻላችሁ ወደሚያይ ሰው ላኩት። ይኸው ነው።

ግራ ጆሮዬ መፍሰስ የጀመረው በሰባት ዓመቴ ነው። ያደግሁት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ከተማ ነው። እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ዘይት ለብ አድርጋ አንጠባጠበችበት። ጤና አዳም ጨመቀችበት። ጎረቤት የነገራትን የነጭ ሽንኩርት ዘይትም ሞከረች። ሲቸግራት ጥጥ ወትፋበት ትምህርት ቤት ትልከኛለች። ጥጡ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ይርሳል። ከዚያ መሽተት ይጀምራል።

ሽታው ለእኔ አይሸተኝም ነበር። ለምጄው ይሆናል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን ቀስ እያለ ወደ ዴስኩ ጫፍ ይሸሽ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ እኔ ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ። መምህራችን ደግሞ እናቴን ባገኟት ቁጥር "ይሄ ልጅ ልቡ ክፍል ውስጥ የለም" ይሏታል። ልቤማ ነበር። ያልነበረው ጆሮዬ ነው።

ክሊኒክ ሄድን፤ ጠብታ ተሰጠኝ፤ ደረቀ። በወሩ ተመለሰ። ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ጠብታና አሞክሳሲሊን ተሰጠኝ፤ ደረቀ። ክረምት ሲገባ ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት አለፈ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ለዚህ ደብዳቤ አይጠቅምም። አንዱ ጋ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። ባለሙያዋ ደግ ሴት ነበረች። ኦቶስኮፑን፣ ማለትም የጆሮ ማያውን መብራት፣ ከመሳቢያ አወጣችና ማብሪያውን ተጫነች። አልበራም። መዳፏ ላይ መታ መታ አድርጋ ደግማ ተጫነች። እንቢ አለ። መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችውና ጠብታ ጻፈችልኝ። የጎደለው ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር።

እኔስ ለምን አልጮኽኩም? ስለማያም ነዋ! ጥርስ የሚያመው ሰው ሌሊት ተነስቶ ሐኪም ቤት ያንኳኳል። የእኔ ጆሮ ይሸታል፣ ይፈሳል፣ ይደነቁራል፤ አያምም። የማያም ነገር ደግሞ እኛ ቤት በሽታ አይባልም።

28 ዓመት ሲሞላኝ አንድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ሳሙናውን ለማጥራት የግራ ጆሮዬን በጣቴ ጫን ሳደርገው ዓለም ዞረብኝ። የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሲተወኝ ደግሜ ተጫንኩት፤ ሰው መቼም አርፎ አይቀመጥም። ደግሞ ዞረብኝ። ያን ዕለት ነው ነገሩ የጆሮ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ደረስኩ። ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ፊልም ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ አዞሩት። "ጥቁሩ አየር ነው፣ ነጩ አጥንት ነው" አሉኝ። ቀጥለው በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ግራጫ ቦታ ነኩ። "ይሄ ግን እዚህ መኖር አልነበረበትም።" እስክሪብቷቸውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጉና፣ "እዚህ ጋ ደግሞ አጥንት መኖር ነበረበት" አሉ። በሽታው ኮለስቴያቶማ ይባላል።

ስሙ ሁለቴ ይዋሻል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣው ጀርመናዊው የሰውነት አሠራር ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ነው። ኮሌስትሮል ያለበት ዕጢ እንደማለት ነው። ኮሌስትሮል የሚሠራው ነገር አይደለም፤ ዕጢም አይደለም። ቆዳ ነው። ክንዳችሁ ላይ ካለው ብዙም የማይለይ ቆዳ፣ መሆን በሌለበት ቦታ የበቀለ።

እንዴት እዚያ ገባ? ይሄ ትንሽ ያስገርማል። የጆሮ ታምቡር ላይ ያለው ቆዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይጓዛል። ከመሃሉ ተነስቶ ወደ ጠርዙ፣ ከዚያም በጆሮ ቦይ ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ። ፍጥነቱ ጥፍር ከሚያድግበት ጋር ይቀራረባል። የሞተውን ቆዳና ኩኩን ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነው። በክብሪት እንጨትና በቁልፍ ስንጎረጉር የምንረብሸው ይሄንን የጽዳት ሥራ ነው፤ ጆሮ ራሱን ያጸዳል።

ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ በአየር የተሞላ ነው። አየሩ የሚገባው ከአፍንጫ ጀርባ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው። ዓባይ ሸለቆ ወርዳችሁ ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን ብሎ፣ ምራቅ ስትውጡ ጧ ብሎ ይከፈት የለ? እሱ ነው። ይህ ቱቦ በጉንፋን፣ በአለርጂ ወይም በሌላ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሲደፈን ውስጥ ያለው አየር ይመጠጣል። ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል። ቀድሞ የሚሸነፈው ላይኛው ጫፉ ነው፤ እዚያ ጋ ልል ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። ቆዳው ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ልማዱ ይረግፋል፤ የረገፈው መውጫ የለውም። እንደ ሽንኩርት ድርብ በድርብ እየተቆለለ ይሄዳል። ሲታይ ነጭ ነው፤ ዕንቁ ይመስላል ይላሉ ሐኪሞች። እኔ ቪዲዮውን ሲያሳዩኝ የታየኝ ግን የበሰበሰ አይብ ነው። በቀዳዳ ታምቡር ጠርዝ ሾልኮ የሚገባበት ሰውም አለ። ጥቂት ልጆች ይዘውት ይወለዳሉ።

አሁን ወደ አጥንቱ ልምጣ። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ድሮ ሐኪሞች ከረጢቱ እያደገ ሲሄድ በግፊት ብቻ አጥንቱን የሚጨርሰው ይመስላቸው ነበር፤ የዋርካ ሥር ግንብ እንደሚሰነጥቅ። ግፊቱ ድርሻ አለው። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ግን በሌላ መንገድ ነው። አጥንት የሞተ ነገር ይመስለናል እንጂ ሰውነታችን ዕድሜውን ሙሉ አጥንት ያፈርሳል፣ ይገነባል። አፍራሾቹ ሴሎች ኦስቲዮክላስት ይባላሉ፤ ገንቢዎቹ ኦስቲዮብላስት። አፍራሹ ያረጀውን ያነሳል፣ ገንቢው ከኋላ እየተከተለ ይሞላል። እኩል እስከሠሩ ድረስ ምንም አይታወቀንም። ኮለስቴያቶማ ይሄን ስምምነት ያፈርሳል። የከረጢቱ ግድግዳ ሲቆጣ የኬሚካል መልእክት ይረጫል። መልእክቱ ለአፍራሾቹ "ኑ፣ እዚህ ሥራ አለ" እንደማለት ነው። እነሱም ይመጣሉ። አጥንቱ ላይ ተለጥፈው አሲድ ያመነጩና ማዕድኑን ያሟሟሉ። ኢንዛይሞች ደግሞ የአጥንቱን ፕሮቲን ይቆራርጣሉ። ገንቢው አይደርስባቸውም። ስለዚህ አጥንቴን የበሉት በአብዛኛው የራሴ ሴሎች ናቸው። ተታለው።

ባክቴሪያ ሲጨመርበት ነገሩ ይፈጥናል። እርጥብ ነው፣ ሙቅ ነው፣ የሞተ ቆዳ ሞልቷል፤ ሱዶሞናስ ለሚባለው ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ሽታውም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ባክቴሪያዎቹ ልጋግ መሰል ሽፋን ሠርተው ውስጡ ይደበቃሉ። ጠብታው ከላይ ያሉትን ይገድላል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ጆሮው ይደርቃል። ሁላችንም ዳነ እንላለን። ከረጢቱ ግን እዚያው አለ። በመድኃኒት አይሟሟም። የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው።

መጀመሪያ የሚጎዱት ሦስቱ የመስሚያ አጥንቶች ናቸው፤ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ። በሰውነታችን ውስጥ ከሁሉ የምታንሰው እርካብ ናት፤ ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከጤፍ ፍሬ ትበልጣለች፣ ከስንዴ ፍሬ ታንሳለች። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ግን የመስፍ ረጅሙ እግር ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ደም በቅጡ የማይደርሰው ምስኪን ነው። እሱ ሲበላ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። እስከ 60 ዴሲቤል የሚደርስ መስማት ሊጠፋ ይችላል። ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያወራው ወሬ ወደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። አንዳንድ ጊዜ ከረጢቱ ራሱ በተቆረጠው አጥንት ቦታ ይቆምና ድምፅ ያስተላልፋል። አጥንቱ ተበልቷል፤ ሰውየው ይሰማል። "ጆሮው ይሰማል፣ ችግር የለውም" ብላችሁ አትሸኙት የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ከባድ ናቸው። የመሃል ጆሮ ጣሪያ ስስ አጥንት ነው፤ ከላዩ አንጎል አለ። ጣሪያው ሲበሳ ማጅራት ገትር ሊመጣ፣ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጠር ይችላል። ከኋላ፣ ከአንጎል ደም የሚመልስ ትልቅ ደም ሥር ያልፋል፤ እዚያ ደም ሊረጋ ይችላል። ወደ ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቁ በፈሳሽ የተሞሉ ቦዮች አሉ። የአንዱ አጥንት ሲሳሳና ሲበሳ፣ እንደ እኔ ጆሮህን ስትጫን ዓለም ይዞርብሃል። የፊት ነርቭም በዚያው በቀጭን የአጥንት ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቱቦው ሲበላ ፊት ሊጣመም ይችላል። እኛ አገር ፊቱ የተጣመመ ሰው ሲታይ "ነፋስ መታው" ይባላል። ነፋስ ያልመታቸውም አሉ። ጆሮው ይፈስ እንደነበር ጠይቁት።

የእኔ ጆሮ ሲከፈት መስፍ የሚባል አጥንት አልተገኘም። የሚዛኑ ቦይ ተበስቶ ፈሳሹን የያዘው ስስ ሽፋን ብቻ ነበር። የፊት ነርቩ አጥንቱ ተገፎ ራቁቱን ተኝቷል። ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያዩ በጥቃቅን ድሪል ነው የሚሠሩት፤ አንዲት የቆዳ ቁራጭ ከቀረች መልሳ ታድጋለች። በዓመቱ ደግመው ከፍተው አዩት። ንጹሕ ነበር። መስማቴ ግን አልተመለሰም።

ለመድኩት ስል ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ታክሲ ውስጥ ሁልጊዜ የግራ መስኮት ጋ ነው የምቀመጠው፤ ቀኝ ጆሮዬ ወደ ረዳቱ እንዲሆን። ያ ቦታ ከተያዘ ወራጅ ስል ረዳቱ የመለሰልኝን አልሰማም። ጸጉሬን ስታጠብ ጥጥ በቫዝሊን ነክሬ እወትፋለሁ። ለጥምቀት ጃን ሜዳ ስሄድ ጠበሉ ሲረጭ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ ያቀናል፤ እኔ በመዳፌ ጆሮዬን ሸፍኜ ነው የምቆመው። አንዷ እናት "ምነው ልጄ፣ ጸበል ትሸሻለህ?" ብለውኝ ያውቃሉ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ጤና ጣቢያ የሚሠራበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ ቻርት ስለ ጆሮ ይጠይቃል። መግል መፍሰስ ከጀመረ 14 ቀን ካልሞላው ድንገተኛ፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ሥር የሰደደ ይለዋል። ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዞ ማድረቅን ያስተምራል፣ የሲፕሮፍሎክሳሲን ዓይነት ጠብታ ያዛል። ከጆሮ ጀርባ የሚያም እብጠት ካለ በአስቸኳይ ላኩ ይላል። ጥሩ ቻርት ነው። ግን ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የስድስት፣ የዘጠኝ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅስ በየትኛው ቻርት ይታይ?

ሁሉንም የሚፈስ ጆሮ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል አጉርፉ ማለቴ አይደለም። አብዛኛው የሚፈስ ጆሮ ኮለስቴያቶማ የለበትም፤ ቀዳዳ ታምቡር ነው። ከአንገት በላይ ሐኪሞች ያሉትም በአብዛኛው ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው፤ ወረፋውን አይቼዋለሁ፤ ተቀምጬበታለሁ። የምለው የሚለይበት መንገድ አለ ነው። መግሉ ብዙ ሳይሆን ሽታው ከባድ ሲሆን ጠርጥሩ። ደርቆ ሲመለስ፣ ደግሞ ደርቆ ደግሞ ሲመለስ፣ ያ መመላለሱ ራሱ ምልክት ነው። ሦስተኛውን ጠብታ ከመጻፍ የሪፈር ወረቀት መጻፍ ይሻላል። ጆሮውን ስታዩ ደግሞ መሃሉን አይታችሁ አትተዉ። ወደ ላይኛው ጫፍ ቀና በሉ። እዚያ ላይ የደረቀ ቅርፊት ካገኛችሁ ኩክ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የኪሱን አፍ የደፈነው እሱ ሊሆን ይችላል። ማዞር፣ የፊት መጣመም፣ ከጆሮ ጀርባ እብጠት፣ ትኩሳት ያለው ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ይሂድ። ለነገ የሚባል ነገር የለውም።

ለሚኒስቴሩ የምለው የባትሪውን ጉዳይ ነው። እቃው ቀላል ስለሆነ ማፈር አያስፈልግም። በየጤና ጣቢያው የሚበራ ኦቶስኮፕ መኖሩን አንድ ሰው ይቁጠር። በፀሐይ የሚሞላ ርካሽ ኦቶስኮፕም ዓለም ላይ ተሠርቷል፤ ድንጋይ አይፈልግም። ቻርቱ ለትምህርት ቤት ልጆች እንዲደርስ አንድ ገጽ ይጨመርበት። የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ ማርች 3 ይከበራል፤ በእኛ የካቲት 24፣ የዓድዋ ማግሥት። ሁሉም ሰው በዓሉን አሳልፎ ደክሞት የሚተኛበት ቀን ነው፤ ግድ የለም። በዚያ ሳምንት መምህራን ጥጥ የወተፉትን ልጆች ቆጥረው ቢያሳውቁ እንኳ ብዙ ነው።

ለወላጆችም ሁለት ቃል። ዘይቱን፣ ጤና አዳሙን፣ የእናት ጡት ወተቱን ጆሮ ውስጥ አትጨምሩ። እናቴ በፍቅር ነው ያደረገችው፤ ሲሰማት ታለቅሳለች፣ ስለዚህ እኔ እሷ ባለችበት አላወራውም። ጥጥ ወትፋችሁም አትተዉት፤ እርጥቡን ውስጥ ያፍነዋል። ልጁ ስለሸተተ ማፈር አያስፈልግም። ሽታውን ለባለሙያው በግልጽ ንገሩ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ጆሮዋ ፈሰሰ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ስልክ ላይ ሆኜ ሳብድ እህቴ ቅርቧ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ተረኛዋ ነርስ መግሉን በጨርቅ አደረቀች፣ በስልኳ መብራት ወደ ውስጥ አየች፣ አልታያትም። ያኔ ያለችውን እህቴ እንደወረደ ነው የነገረችኝ። "እኔ አይታየኝም። የሚታየው ጋ ልላክሽ" አለቻትና ወረቀቱን ጻፈች።

ያቺ ነርስ ይሄን ካነበብሽ፣ ልጅቷ ደህና ናት። ታምቡሯ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የተገኘው። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ ይደፈንላታል።

ከአክብሮት ጋር፣
በቀኝ ጆሮው የሚሰማ አንድ ታካሚ
አዲስ አበባ